ለጽዳት የተነፋው ጡሩምባ

ልጄ ለክረምቱ የተግባር ልምምድ አንኮበር እንደተመደበች ስትነግረኝ መጀመሪያ የጠየቅኳት መንገዱ ሰላም መሆኑን ነው። ቀጥዬ የምትከራየው ቤት በሩ ከውስጥ ይቀረቀር እንደሆነ ጠየቅኳት። ሥራው ምን እንደሆነ መጠየቅ ትዝ ያለኝ ልብሷን ማጠፍ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

የምትማረው የማኅበረሰብ ልማት የሚባል ትምህርት ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ስለሆንኩ፣ ሰዎች «ልጅሽ ስትጨርስ ምን ልትሆን ነው?» ሲሉኝ መልሱ ይቸግረኛል። ሐኪም ትሆናለች ቢባል ሁሉም ይገባዋል። እሷ ግን የሰፈር ሰው ተሰብስቦ የራሱን ሰፈር እንዲያሻሽል ማገዝ ነው ትለኛለች። ይህንንማ የእኛ ሰፈር ሴቶችም ያለ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩት የለም ወይ ብያት ስቃብኛለች።

ከደብረ ብርሃን አንኮበር ሩቅ አይደለም። ጠዋት የወጣ ሚኒባስ ተመልሶ ምሳውን ቤቱ የሚበላበት አገር ነው። ለእኔ ግን ከዓይኔ የራቀ ሁሉ ሩቅ ነው። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ጉልት ድንችና ነጭ ሽንኩርት እየሸጥኩ ያሳደግኳት ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲውንም እዚሁ ከተማ ስለደረሳት ከቤቴ እየተመላለሰች ነው የተማረችው። ከእኔ ተለይታ አድራ አታውቅም። ልሸኝሽ፣ ቤቱንም ልየው ብላት፣ የምሠራበት ወረዳ ሰዎች እናቷ እጇን ይዛ አመጣቻት ይሉኛል ብላ እምቢ አለች። ውኃ ሳታፈሊ እንዳትጠጪ፣ ጉም ከወረደ በኋላ ከቤት እንዳትወጪ፣ ማታ ማታ ሳትደውዪ እንዳትተኚ ብዬ ላክኳት። ሁሉንም «እሺ እማ» አለች። የትኛውን እንደሰማች እግዜር ይወቅ።

የተከራየችው አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት ግቢ ውስጥ፣ ከጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ነው። ስለ ሴትየዋ በስልክ ስትነግረኝ ገና ከጅምሩ ልቤ ፈራ። ሴትየዋ አንድ ልጅ ነበራት። እንደ ሌሎቹ የአገሩ ጎረምሶች ቆላውን ወርዶ፣ በእግሩ በረሃውን አቋርጦ፣ ባሕር ተሻግሮ አረብ አገር ሊሠራ ሄደ። ባሕሩ ዳር ስደርስ እደውላለሁ ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሴትየዋ ስልኳን ከአንገቷ በክር አንጠልጥላ ነው የምትውለው፤ ስትጋግርም፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለምም አታወልቀውም። ልጄን የልጁን ነገር አንስተሽ እንዳትጠይቂያት ብዬ አስጠነቀቅኳት። እሷም አላነሳችም። ማታ ማታ አብረው ይቀመጣሉ፤ ስለ ሌላ ሌላው ያወራሉ።

የልጄ ሥራ አንድ ቦይ ነበር። ከሴትየዋ ግቢ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ይዞ ቁልቁል የሚወርድ የውኃ መውረጃ አለ። አፈርና ላስቲክ ደፍኖታል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ውኃው መንገድ እየሳተ ታች ያሉት ሰዎች ቤት ይገባል። የወረዳው ኃላፊ ሕዝቡን አነጋግራ፣ ሕዝቡ ራሱ ቦዩን እንዲጠርግ እንድታደርግ ነገራት። ስብሰባ ጠራች፤ ኃላፊው፣ እሷና ከዝናብ ሊጠለል የገባ አንድ ሽማግሌ ተገኙ። እንደገና ጠራች፤ ሽማግሌውም ቀረ። በስልክ ስትነግረኝ ልታለቅስ ደርሳ ነበር። እኔ ደግሞ በልቤ ደስ አለኝ። ካልሆነላት ቶሎ ትመለሳለች ብዬ ነው።

ከዚያ ስልኳ ጠፋ። ሐሙስ ማታ ብደውል ያቺ በስልክ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ማግኘት አይችሉም አለችኝ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ያንኑ አለችኝ። ጉልት ጎረቤቴ ኔትወርክ ነው፣ ዝናብ ሲበዛ እንዲህ ነው፣ አትጨነቂ አለችኝ። እኔ ሳልጨነቅ የዋልኩበት ቀን ያለ ይመስል። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ በሶ በከረጢት፣ አንድ ጋቢ፣ ሁለት የሱፍ ካልሲ ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ። መንገዱ እንዴት ነው ብዬ ሾፌሩንም ረዳቱንም ለየብቻ ጠየቅኩና የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

አንኮበር ልንደርስ ስንል ጉሙ መኪናውን ዋጠው። ሾፌሩ መብራት አብርቶ ያዘግማል። ከተማው ጫፍ ስንደርስ ያንን ድምፅ ሰማሁት።

የዕድር ጡሩምባ ነው። ረጅም፣ ከዚያ አጭር፣ ከዚያ ደግሞ ረጅም። ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ጉሙ ራሱ የሚጮህ ይመስል ነበር። ሾፌሩ የከፈተውን ዘፈን ዘጋው። ከኋላዬ የተቀመጡ አባት ባርኔጣቸውን አውልቀው «ነፍስ ይማር» አሉ። ከአጠገቤ ያለችው ሴት ማን እንደሆነ ሳታውቅ ነጠላዋን ዘቀዘቀችው። እኛ አገር እንዲህ ነው። ጡሩምባ ከተሰማ ማን ሞተ ተብሎ የሚጠየቀው ከቤት ከተወጣ በኋላ ነው።

ስወርድ ሰው ከየግቢው እየወጣ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ይሮጣሉ፤ አንዳንዶቹ ከወዲሁ ወይ ወይ ይላሉ። ወንዶቹ ዶማና አካፋ ይዘዋል፤ መቃብር የሚቆፍሩት ናቸው። አንዲቷን ክንዷን ይዤ ማን ነው የሞተው አልኳት።

«አላጣራሁም እህቴ። ልጅ ነው ይላሉ።»

«የማን ልጅ?»

«ከቦዩ ፊት ለፊት ካለው ግቢ ነው። ሰው ወደዚያ ነው የሚሄደው።»

ከቦዩ ፊት ለፊት ያለው ግቢ ልጄ ያለችበት ነው። ስልኳ ከሐሙስ ጀምሮ ዝግ ነው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ይህን ነገር ከተወለደች ጀምሮ ስፈራው የኖርኩት ነው፤ እና መጣ። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። በሶው የት እንደወደቀ አላውቅም። አንደኛው ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ማን መንገዱን እንዳሳየኝም አላውቅም፤ ሰዉ እንደ ጎርፍ ይዞኝ ሄደ መሰለኝ።

ግቢው በር ላይ ስደርስ አንዲት ሴት ጭቃው ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች። «ልጄ፣ ልጄ» ትላለች። አከራይዋ መሆኗን ከአንገቷ በተንጠለጠለው ስልክ አወቅኩ። ያን ጊዜ ያሰብኩትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ልጄን እንደ ልጇ ወዳት ኖሯል አልኩ። በዚያ ሁሉ ድንጋጤ መሃል ሴትየዋን አመሰገንኳት። ሄጄ አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩና ከእሷ ጋር ጮህኩ።

እሷ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና ዓይኔን አየችኝ። አታውቀኝም። ከሩቅ አገር ወሬ ይዤ የመጣሁ መስሏታል።

«ባሕሩ ላይ ነው?» አለችኝ። «ወይስ ከተሻገረ በኋላ ነው?»

ባሕር ምን አመጣው ብዬ ማሰብ እንኳ አልቻልኩም። እኔም የት አስተኛችኋት እያልኩ እጠይቃታለሁ። አንዳችን የሌላችንን አንሰማም። ከበውን የቆሙት ሰዎች ደግሞ እኛን አይተው አረጋገጡ። እናቲቱ እንዲህ ከሆነችማ እውነት ነው ብለው ልቅሶውን አቀለጡት።

በዚህ መሃል ልጄ ከቦዩ በታች ካለው ጉም ውስጥ ወጣች።

የላስቲክ ቦት ጫማ አድርጋለች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። አካፋ ትከሻዋ ላይ ነው። ሰዉን ስታይ ፊቷ በራ፤ ያን ያህል ሕዝብ መጥቶላት አያውቅማ። ፈገግ እንዳለች እኔን አየችኝ።

«እማ? አንቺም ለጽዳቱ ነው የመጣሽው?»

አጠገቧ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። መጀመሪያ ሳምኳት። ቀጥዬ በጥፊ መታኋት። ከዚያ እንደገና ሳምኳት። ፊቷን፣ እጇን፣ ጭቃውን ሁሉ እየነካካሁ ነው። እሷ ጉንጯን ይዛ አንድ ጊዜ እኔን፣ አንድ ጊዜ ሰዉን፣ አንድ ጊዜ መሬት ላይ ያለችውን አከራይዋን ታያለች። ፈገግታዋ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። ከዚያ ፊቷ አመድ መሰለ።

ልቅሶው በአንድ ጊዜ አልቆመም። ፊት ያሉት ዝም ሲሉ ከኋላ ያሉት ያለቅሳሉ፤ ገና ከመንገድ ላይ የሚመጡት ደግሞ እየጮሁ ይደርሳሉ። ጡሩምባ ነፊው የመጡት ያን ጊዜ ነው። ሳል ያለባቸው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ጡሩምባቸውን በብብታቸው ይዘው እያለከለኩ «ለጽዳት ነው፣ ለጽዳት ነው ብዬ ነበር እኮ» ይላሉ።

«ለምን ነው ያሉት?» አለ አንዱ ዶማ የያዘ።

«ለጽዳት። ቦዩን ልንጠርግ። ጉሙ ቃሉን በላው መሰለኝ።»

ከዚያ ከኋላ አንዲት አሮጊት በደህና ድምፅ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ «ታዲያ ንፍሮውን ጥጄ የመጣሁት ለማን ነው?» አሉ። አንድ ሁለት ሰው ሳቁ። አከራይዋን ሲያዩ ግን አፋቸውን ያዙ። እሷ አሁንም ጭቃው ላይ ናት። ነገሩ አልገባትም።

የዕድሩ ዳኛ ጎንበስ አሉላት። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጋቢያቸው ጭቃ እስኪነካ አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ልጅሽ አልሞተም ሊሏት ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ አየኋቸው፤ መልሰው ዘጉት። ማን ያውቃልና ነው አልሞተም የሚሉት? ሲቸግራቸው «እኛ የሰማነው ነገር የለም» አሏት።

«ካልሰማችሁ ለምን መጣችሁ?» አለች።

ዳኛው የጋቢያቸውን ጭቃ እየጠረጉ ተነሱ።

እንዴት እንደሆነ የሰማሁት ከዚያ በኋላ፣ ልጄ ጓዳ ገብታ እያለቀሰች ስትነግረኝ ነው። ስልኳም የጠፋው ጉልት ጎረቤቴ እንዳለችው በኔትወርክ ነው። ስብሰባው ሁለቴ ባዶ ሲሆንባት፣ ይህ ሕዝብ በምን ይጠራል ብላ ስትጠይቅ ውላለች። ሁሉም ለዕድር ከሆነ ማንም አይቀርም ይሏታል። ዓርብ ከሰዓት ጡሩምባ ነፊው ቤት ሄደች። እሳቸው ይወዷታል፤ መንገድ ላይ ባገኘቻቸው ቁጥር የሳላቸውን ነገር ትጠይቃቸዋለች። ልጄ፣ ይቺ ጡሩምባ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው ብለዋት ነበር። እሷ ግን፣ እርስዎ ይነፉና ወዲያው ለጽዳት ነው ይበሉ፣ ሰዉ ይሰማል ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም እንዳሏት አደረጉ። ነፉ፤ ለጽዳት ነው አሉ፤ ነፉ፤ ለጽዳት ነው አሉ። በጠራ ቀን ቢሆን ምናልባት ይሰማቸው ነበር። ክረምት በአንኮበር ግን ጉም ሲወርድ ጡሩምባው ይሻገራል እንጂ የሳለኛ ሽማግሌ ቃል ከአጥር አያልፍም። እንዳይደክሙ ብለው ደግሞ ቆመው የነፉት ሥራው ካለበት ከቦዩ ዳር፣ ማለት ከሴትየዋ በር ላይ ነው። ሰዉ ድምፁን ተከትሎ መጣ፤ በሩን አየ፤ የማን በር እንደሆነ ያውቃል፤ የልጁ መርዶ ነው አለ። እሷ ደግሞ በሯን ስትከፍት ነጠላውን የዘቀዘቀ ሕዝብ በጠዋት ወደ እሷ ሲመጣ አየች። መርዶ የሚነገረው እንዲህ ነው። ሌላ ምን ትበል?

«እሷን ሳላስባት አይደለም እማ» አለችኝ። «ማታ እንኳ ነገ ጽዳት አለ ብያታለሁ። ጡሩምባውን ግን... ሰው መጥሪያ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት።»

ያደገችው ሞት በመኪና ላይ ድምፅ ማጉያ በሚነገርበት፣ አንዳንዴም በስልክ መልእክት በሚላክበት ሰፈር ነው። ጡሩምባ ሰምታ በድንጋጤ የተነሳችበት ጠዋት የላትም። እኔ ግን ሻንጣዋን አልጋ ላይ ከፍቼ ልብሷን መክተት ጀመርኩ። በዛሬው መኪና አብረሽኝ ትሄጃለሽ አልኳት። ውጪ የወረዳው ኃላፊም መጥቶ ኖሮ፣ እዚህ ከተማ ከእንግዲህ ፊቷን የሚያይ የለም፣ ወደ አሊዩ አምባ እናዛውራት ይላል። እኔ አሊዩ አምባም የትም አላልኩም። ቤቷ ነው የማስገባት።

በዚህ ጊዜ ዝናብ ጀመረ። ድንኳን የሚተክሉት ወንዶች ቋሚውን ተሸክመው ደርሰው ስለነበር ዳኛው ትከሉት አሉ። ሰው ሁሉ ከሥሩ ገባ። ንፍሮውም መጣና ታደለ። ሞት የሌለበት ድንኳን ውስጥ ሰው ንፍሮ እየቆረጠመ ዝም ብሎ ሲቀመጥ በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዳኛው አስጠሩኝ። ልጅሽን መውሰዱን ትወስጃታለሽ፣ ማንም አይከለክልሽም፤ ሳትታረቅ ከሄደች ግን የዚህች ሴት እንባ ተከትሏት ይሄዳል አሉኝ። ድንጋይ ትሸከም አሉ። የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ አጎንብሶ ይቆማል፤ የተበደለው ይቅር ካለ ድንጋዩን በእጁ ያወርድለታል። ይህን አውቃለሁ፤ አባቴ ሲሸከም አይቻለሁ። በልጄ ማጅራት ላይ ግን ላየው አልፈለግኩም። እሷ ምን ክፋት ሠራች ብዬ ልከራከር ስል፣ እሷ ራሷ ከጓዳ ወጥታ ከቦዩ ዳር ትልቁን ድንጋይ ማንሳት ጀመረች።

«ኧረ ትንሹን ስጧት» አለ ዶማ የያዘው ሰውዬ። «ተማሪ እኮ ናት፤ ከእስክሪብቶ በላይ ተሸክማ አታውቅም።»

ጡሩምባ ነፊውም እኔም በድያለሁ ብለው ድንጋይ ፈለጉ። ሰዎች፣ እርስዎ በዚህ ሳል ድንጋይ ከተሸከሙ በእውነት ጡሩምባ ማስነፋትዎ ነው ብለው ከለከሏቸው። ከልጄ ጎን ባዶ እጃቸውን አጎንብሰው ቆሙ።

አከራይዋን ድንኳኑ ውስጥ በዱካ ላይ አስቀምጠዋታል። ልብሷን አልቀየረችም። ልጄ ድንጋዩን ተሸክማ ከፊቷ አጎንብሳ ቆመች። ዳኛው «ይቅር ለእግዚአብሔር በይ» አሏት። ዝም አለች። ደግመው አሏት። ዝም። የልጄ እግር መንቀጥቀጥ ሲጀምር አየሁ። ድንጋዩን ሄጄ ላወርደው ስነሳ አንድ ሰው ነጠላዬን ይዞ አስቀመጠኝ።

ሴትየዋ የተናገረችው ለዳኛው ነው፤ ልጄን አላየቻትም።

«ይህቺ ልጅ የትም አትሄድም። ልጄ እስኪደውል ድረስ ከቤቴ አትወጣም።»

ሰዉ አጉረመረመ። ዳኛው እንዲህ ያለ ዕርቅ አናውቅም አሏት። እኔ ያን ጊዜ ነጠላዬን አስለቅቄ ተነሳሁ። ጠዋት ልጄ ሞታብኝ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተመልሳልኝ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ሰው ልትወስዳት ነው።

«እህቴ፣ እኔም እናት ነኝ» አልኳት። «ያለችኝ እሷ ናት። አንቺ ጋ ሆና ምን ታደርግልሻለች?»

አሁን አየችኝ። ጠዋት አንገቷ ላይ የተጠመጠምኩት ሴት መሆኔን ያወቀችው ያኔ ይመስለኛል።

«ምንም አታደርግልኝም። ትጠብቃለች። እስካሁን ብቻዬን ነበርኩ የምጠብቀው።» ከዚያ ከአንገቷ ያለውን ስልክ በእጇ ይዛ፣ «ክፉው ከመጣም ጡሩምባውን ለይታ ታውቀዋለች» አለች።

ካልደወለስ? ከባሕር የቀረ ልጅ ከየት ይደውላል? መርዶው የሚመጣው ልጄ አጠገቧ እያለች ቢሆንስ? ይህን ሁሉ ልናገር አፌን ስከፍት፣ ልጄ ከድንጋዩ ሥር «እሺ» አለች። ጮክ ብላ አይደለም። ሁሉም ግን ሰማ።

ሴትየዋ ተነስታ ድንጋዩን በሁለት እጇ አወረደችው።

ወንዶቹ ወደየቤታቸው ሊበተኑ ሲሉ አንድ ሽማግሌ፣ ለመቃብር የወጣ ዶማ አፈር ሳይነካ ቤት ከገባ ራሱ ሟርት ነው አሉ። እውነት እንዲህ ያለ ነገር ይኑር፣ እሳቸው ይፍጠሩት አላውቅም። ዶማ የያዘው ሁሉ ግን ደነገጠ። ዝናቡ ሲያባራ ገብተው ቦዩን ቆፈሩት። ልጄ ስብሰባ ጠርታ ያቃታትን እነሱ ሟርት ፈርተው ጨረሱት። እሷ ግን አጠገባቸው አልሄደችም። ከሴትየዋ ጋር ቤት ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

ልሄድ ስነሳ ሴትየዋ የጠፋውን ጫማዬን ሰጠችኝ። አስፈልጋ፣ አጥባ፣ ምድጃ ዳር አድርቃዋለች። እኔም ጋቢውንና ካልሲዎቹን አስቀምጬ፣ አንዱን ካልሲ ለአንቺ ነው አልኳትና ወጣሁ። በመኪናው ውስጥ እስከ ቤቴ ድረስ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ሰው ብርድ መሰለው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ክረምት ለእኔ አንድ ረጅም ድንጋጤ ነው። ስልክ በጮኸ ቁጥር እዘላለሁ። ልጄ ማታ ማታ ትደውላለች፤ መጀመሪያ የምጠይቃት ስለ እሷ አይደለም፤ ደወለ ወይ ነው። አልደወለም ትለኛለች። በፍልሰታ ለእመቤታችን የማላውቀውን የሰው ልጅ እየጠራሁ ለመንኩ። ሌላ ጊዜ ልመናዬ ስለ ልጄ ብቻ ነበር። አሁን የእሷ መምጣት በእሱ መደወል ላይ ሆኖብኝ፣ ልጁ የእኔም ሆነ። ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ግን ቁመናው ሁሉ በዓይኔ ላይ መጣ።

የልምምዱ ጊዜ ሲያልቅ ልጄ ደውላ ኃላፊው ጥሩ ግምገማ እንደሰጣት ነገረችኝ። ሻንጣሽን አዘጋጂ፣ ነገ ልምጣ አልኳት።

«አልደወለም እኮ እማ» አለችኝ።

ትምህርት ሊጀመር ነው አልኳት። ጓደኞችሽ ሁሉ ገቡ አልኳት። አንድ ጊዜ የተባለ ነገር ለዘላለም ነው ወይ አልኳት። እሷ አልጮኸችብኝም፤ አልተከራከረችኝም። ማታ ማታ ሴትየዋ ስልኩን ከአንገቷ አውልቃ ለእሷ ሰጥታት እንደምትተኛ ብቻ ነገረችኝ። ከሄደ ጀምሮ እንቅልፍ ወስዷት የማያውቅ ሴት አሁን ትተኛለች፤ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው አላትና። ያሳደግኳት ልጅ ይቺ ናት ወይ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት።

መስከረም ሊጠባ ሲል ነው። ጉልቴ ላይ ነበርኩ። ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። ክፉ ወሬ መስሎኝ አላነሳሁትም። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። ጉልት ጎረቤቴ፣ ሰው እየጠራሽ ምን ታዪዋለሽ ብላ ነጥቃኝ አነሳችውና ሰምታ፣ «ከአንኮበር ነው፣ ሴት ናት» ብላ ጆሮዬ ላይ ደቀነችው።

መተንፈሷን ሰማሁ።

«እህቴ» አለች። «ደወለ። ታስሮ ኖሯል። ድምፁ ቀጥኗል እንጂ ራሱ ነው። እናቴ ብሎኛል።»

ምን እንዳልኩ አላውቅም። እልል ማለት ፈልጌ የወጣው ሌላ ድምፅ ነው። እሷ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«በይ እንግዲህ ልጅሽን መጥተሽ ውሰጃት» አለችኝ። ልዘጋው ስል መልሳ ጠራችኝ። «ወይም እስከ እሁድ ድረስ ተይልኝ። አገሩ በሙሉ እንኳን ደስ አለሽ ሊለኝ ይመጣል። ያን ሁሉ ሰው በሬ ላይ ሲመጣ ብቻዬን ማየት አልችልም።»

እሺ አልኳት። ድንቹ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት ደንበኛ ነጭ ሽንኩርቱን እየመረጠች መደቡ ስንት ነው ትለኛለች፤ ዓመቱን ሙሉ የምናገረው ዋጋ ጠፋኝ።